በማደሪያ ቤቱ ደጃፍ፤ የብሩገል «ቆጠራ በቤተ ልሔም» እንደ ታሪክ ምስክር

መግቢያ

የታሪክ ተማሪ ምስክሮቹን የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ ከተላለፉት ነገሮች ውስጥ ነው። ዜና መዋዕል፣ ደብዳቤ፣ የፍርድ መዝገብና የርስት ውል ከታመኑት ምንጮች ይቈጠራሉ። ነገር ግን በየዘመኑ ከጻፉት ሰዎች ይልቅ ያልጻፉት ይበዛሉ። ባላገሩ፣ ሠረገላ ነጂው፣ ጠማቂዋ፣ ከቦታ ወደ ቦታ የሚዞረው ለማኝ ስለ ራሳቸው የተዉልን ጽሑፍ የለም። ስማቸው ቢገኝም የሚገኘው ሌላ ሰው በጻፈው መዝገብ ላይ፣ ይኸውም ግብር ሲከፍሉ ወይም ሲከሰሱ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ለማወቅ የሚሻ ተማሪ ፊቱን ወደ ሥዕል ቢያዞር የሚያስወቅሰው አይሆንም። የሚያስወቅሰው ሥዕልን እንደ ፎቶግራፍ አምኖ ቢቀበለው ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ሠዓሊው የኔዘርላንድ ሰው የሆነው ሽማግሌው ፒተር ብሩገል ነው። ሥዕሉ በ1566 የተሣለ ሲሆን «ቆጠራ በቤተ ልሔም» በሚል ስም ይታወቃል፤ የሚገኘውም በቤልጅግ ዋና ከተማ በብሩክሴል፣ በንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አርእስቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ይሁን እንጂ፣ ተመልካቹ መጀመሪያ የሚያየው በበረዶ የተሸፈነ የገጠር መንደርና ሰው የተጨናነቀበት የመንገደኞች ማደሪያ ቤት ነው።

መልስ የሚፈለግላቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ይህ ሥዕል በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ስለ ነበረው የገጠር ማደሪያ ቤትና ስለ ግብር አሰባሰብ ምን ያህል ሊመሰክር ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ሥዕሉ በእስጳንያ ንጉሥ አገዛዝ ላይ የቀረበ ስውር አቤቱታ ነው የሚለው የታወቀ ትርጓሜ ምን ያህል ይጸናል የሚል ነው።

፩. ሠዓሊውና ዘመኑ

ብሩገል ከ1525 እስከ 1530 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ተወለደ ይገመታል። በ1551 በአንትዌርፕ ከተማ በቅዱስ ሉቃስ ስም በሚጠራው የሠዓሊዎች ማኅበር ውስጥ አባል ሆኖ ተመዘገበ። ከዚያም ወደ ኢጣልያ ተጓዘ፤ ከጉዞው ሲመለስም ሂየሮኒመስ ኮክ ለተባለው የሥዕል አሳታሚ ንድፎችን ያዘጋጅ ነበር። በ1563 ሚስት አግብቶ ወደ ብሩክሴል ተዛወረ፤ በዚያው ከተማ በ1569 ሞተ። ፒተርና ያን የተባሉት ሁለቱ ልጆቹም እንደ አባታቸው ሠዓሊዎች ሆኑ።

ካሬል ቫን ማንደር የተባለው ጸሐፊ በ1604 ባሳተመው የሠዓሊዎች ታሪክ ላይ፣ ብሩገል የባላገር ልብስ እየለበሰ ወደ መንደር ሠርግና ወደ ክብረ በዓል ይሄድ እንደ ነበር ያወራል። ከዚህ ወሬ የተነሣ ብዙ ሰዎች «ባላገሩ ብሩገል» እያሉ ይጠሩት ነበር። ነገር ግን የኖረው በታላላቅ ከተሞች ነው፤ ሥዕሉንም የሚገዙት የከተማ ባለ ጸጎች ነበሩ። ስለዚህ ሥዕሎቹ ባላገሩ ስለ ራሱ የሰጠው ቃል አይደሉም። አንድ የከተማ ሰው ባላገሩን ቀርቦ ተመልክቶ ለሌሎች የከተማ ሰዎች ያቀረባቸው ናቸው። ይህን ከመጀመሪያው ማስታወስ ይገባል።

ኔዘርላንድ በዚያን ዘመን የዛሬዎቹን ሆላንድንና ቤልጅግን የሚያጠቃልል የብዙ ግዛቶች ስብስብ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ካርሎስ አምስተኛ በ1555 በብሩክሴል አገሪቱን ለልጁ ለዳግማዊ ፊልጶስ አስረከበ። ፊልጶስም በ1559 ወደ እስጳንያ ሲሄድ እኅቱን የፓርማዋን ማርጋሬትን እንደራሴ አድርጎ ተወ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ወደ ኔዘርላንድ አልተመለሰም። ለማነጻጸር ያህል፣ በኛ አገር ይህ ጊዜ ዐፄ ሠርፀ ድንግል (1563—1597) በነገሡባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ የሚውል ነው።

፪. ሥዕሉ ምን ያሳያል?

ሥዕሉ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ነው። ቁመቱ 116 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ ወደ 164 ሳንቲሜትር ይጠጋል። ሠዓሊው መንደሩን ያየው ከፍ ካለ ቦታ ሁኖ ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ በሰገነት ላይ ቆሞ ቍልቍል የሚያይ ይመስለዋል። ሰዎቹ ብዙና ጥቃቅን ናቸው፤ አብዛኞቹም ጀርባቸውን ወደኛ አዙረዋል።

በግራ በኩል ማደሪያ ቤቱ ቆሟል። በደጃፉ ላይ አረንጓዴ የአበባ ጕንጕን ተሰቅሏል። ይህ ጕንጕን «በዚህ ቤት መጠጥ ይሸጣል» የሚል ምልክት ነው። ማንበብ ለማይችል መንገደኛ የተበጀ በመሆኑ፣ በኛ አገር የጠላ ሻጭ ቤት በእንጨት ላይ በተደፋ ጣሳ እንደሚታወቀው ያለ ነው። በግድግዳው ላይ ሁለት ራስ ያለው ንስር የተሣለበት ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ይህም የሀብስቡርግ ነገሥታት ዓርማ ነው። በመስኮቱና በደጃፉ ዙሪያ ሕዝብ ተሰብስቧል። አንዱ ሹም ገንዘብ ይቀበላል፣ ሌላው በመዝገብ ላይ ይጽፋል።

ከማደሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ዓሣማ ይታረዳል፤ አንዲት ሴት ደሙን በመጥበሻ ትቀበላለች። ወደ መካከል ጭነት የያዙ ሠረገላዎች በበረዶው ውስጥ ቆመዋል። ወንዙ ረግቷል፤ ልጆች በበረዶው ላይ ይንሸራተታሉ፣ የበረዶ ድቡልቡልም እየሠሩ ይወራወራሉ። ራቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያን፣ በቀኝም የፈረሰ ግንብ ይታያል። ከአንድ ትልቅ ባዶ ዛፍ ቅርንጫፎች ኋላ ቀይ ፀሐይ ትጠልቃለች። ቀኑ አጭር ነው፤ ሊመሽም ነው።

የሥዕሉ ዋና ሰዎች በዚህ ሁሉ መካከል ተደብቀዋል። አንድ ሰው ትልቅ መጋዝ በትከሻው ተሸክሞ አህያ ይስባል፤ በአህያይቱ ላይ ሰማያዊ መጐናጸፊያ የለበሰች ሴት ተቀምጣለች፤ አንድ በሬም አብሯቸው ይሄዳል። እነዚህ አናጢው ዮሴፍና እመቤታችን ማርያም ናቸው። በራሳቸው ላይ የብርሃን አክሊል የለም። መንገድ የሚለቅላቸው፣ ዞር ብሎም የሚያያቸው ሰው የለም። መጋዙ ባይኖር ኖሮ ተመልካቹም ሳያውቃቸው ሊያልፍ ይችል ነበር።

፫. የገጠር ማደሪያ ቤት ምን ነበር?

ቆጠራው በቤተ መንግሥት ወይም በከተማ አዳራሽ ሳይሆን በማደሪያ ቤት ደጃፍ መደረጉ ዛሬ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ለብሩገል ዘመን ሰዎች ግን የታወቀ ነገር ነበር። በኔዘርላንድ ገጠር ብዙ ሰው የሚሰበሰብባቸው ሕንጻዎች ሁለት ነበሩ፤ አንደኛው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ማደሪያ ቤት። በቤተ ክርስቲያን የማይሠራው ሥራ ሁሉ በማደሪያ ቤት ይሠራ ነበር። ሠረገላ ነጂው ፈረሱን የሚያሳርፈውና የሚያድረው እዚያ ነው። ከብት የተሻሻጡ ሰዎች ውላቸውን በጽዋ የሚያጸኑት እዚያ ነው። የመንደር ሽማግሌዎችም የራሳቸው አዳራሽ በሌለበት ቦታ ችሎት የሚያስችሉት በዚያው ነበር። ጨረታ የሚደረገውና የሹም ትእዛዝ የሚለጠፈውም ሰው በሚበዛበት ስፍራ መሆኑ ግልጽ ነው።

ቢራ በዚያ አገር የበዓል መጠጥ ብቻ ሳይሆን የዕለት ምግብ ክፍል ነበር። ለመንግሥትና ለከተሞችም ትልቅ የገቢ ምንጭ ነበር፤ በቢራና በወይን ላይ የሚጣለው ቀረጥ ከታወቁት ገቢዎች አንዱ ነውና። ስለዚህ ማደሪያ ቤቱ ግብር የሚሰበሰብበት ስፍራ ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ጽዋ ራሱ ግብር የሚከፈልበት ነበር። ባለሥልጣኖች ይህን ቤት የሚያዩት በሁለት ዓይን ነው። በአንድ በኩል ይጠቀሙበታል፤ በሌላ በኩል ስካርና ጠብ፣ ሥራ ፈትና ወሬ የሚያከማች ነው ብለው ይጠራጠሩታል። ካርሎስ አምስተኛ በ1531 ባወጣው ዐዋጅ ልመናን በመከልከል የድኆችን እርዳታ በደንብ ለማቋቋም ሲሞክር፣ በዚያው ዐዋጅ የመንደር ክብረ በዓል ከአንድ ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። ለማኙና የበዓሉ ጠጪ በአንድ ዐዋጅ መነሣታቸው የገዥዎቹን አሳብ ያስረዳል።

ብሩገል የገጠር ማደሪያ ቤትን የሣለው በዚህ ሥዕል ብቻ አይደለም። በ1565 በሣለው «አዳኞች በበረዶ ውስጥ» በተባለው ሥዕል ላይም በግራ በኩል ማደሪያ ቤት አለ። የቤቱ ምልክት በአንድ ማንጠልጠያ ብቻ ተይዞ ሊወድቅ ያዘነበለ ሲሆን፣ በደጁ ሰዎች እሳት አንድደው ዓሣማ ይለበልባሉ። በሁለቱም ሥዕሎች የማደሪያ ቤቱ፣ የክረምቱና የእርዱ ነገር አንድ ላይ መገኘቱ የአጋጣሚ አይደለም። ዓሣማ የሚታረደው ክረምቱ ሲገባ ነው፤ ቀዝቃዛው አየር ሥጋውን ስለሚጠብቅና የሚቀለበው እህል ስለሚያልቅ ነው። እንዲህ ባለው ነገር ላይ ሠዓሊው የሚዋሽበት ምክንያት የለውም። ገዢዎቹም ሐሰት ቢያዩ ወዲያው ባወቁት ነበር።

ከዚህ የሚወጣው የአሠራር ደንብ የሚከተለው ነው። ሥዕሉ የቆመለትን አሳብ በሚመለከት ነገር ልንጠራጠረው ይገባል፤ እግረ መንገዱን በሚያሳየው ተራ ነገር፣ ማለት በመጥበሻው፣ በጕንጕኑ፣ በሠረገላው አሠራርና በልጆቹ ጨዋታ ላይ ግን የበለጠ ልናምነው እንችላለን።

፬. ቆጠራና ግብር

የሉቃስ ወንጌል ስለ ቆጠራ እንጂ በግልጽ ስለ ገንዘብ አይናገርም። በሥዕሉ ላይ ግን ሰዎቹ ስማቸውን ከማስመዝገብ በቀር ገንዘብም ይከፍላሉ። ይህ የብሩገል ፈጠራ ነው ማለት አይቻልም። በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና በመላው አውሮፓ ይነበብ የነበረው «የወርቅ ታሪክ» የተባለው የቅዱሳን መጽሐፍ፣ ወደ ቆጠራው የመጣ ሁሉ አንድ የብር ዲናር ለሹሙ ያስረክብ እንደ ነበር ይተርካል። ስለዚህ ቆጠራና ክፍያ በምእመናኑ አሳብ ከዱሮ ጀምሮ የተያያዙ ነበሩ።

በብራባንት ኑሮም እንዲሁ የተያያዙ ነበሩ። ብሩክሴልና አንትዌርፕ የሚገኙበት የብራባንት መስፍንነት ሕዝቡን የሚቈጥረው በምድጃ ነበር። ጢሰኛ የሚለው ቃላችን ከጢስ መውጣቱን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ አቈጣጠር እንግዳ አይሆንበትም፤ ጢስ የሚወጣበት ቤት አንድ ቤተ ሰብ ይኖርበታል፣ ቤተ ሰብም ያለበት ቤት ይከፍላል የሚል ነው። በ1437፣ በ1496ና በ1526 የተደረጉት የምድጃ ቆጠራዎች መዝገብ እስካሁን ተጠብቆ ይገኛል። ቤልጅጋዊው የታሪክ ምሁር ዦዜፍ ኩቬልዬ በ1912 አሳትሟቸው በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቁ ምንጮች ሆነዋል።

የቆጠራው ዓላማ ዕውቀት አልነበረም። መስፍኑ ወይም ንጉሡ ለጦርነት ገንዘብ ሲያስፈልገው የግዛቱን እንደራሴዎች ሰብስቦ «እርዳታ» ይለምናል፤ እንደራሴዎቹ ከተስማሙ ገንዘቡ በምድጃ ቍጥር ልክ ለየከተማውና ለየመንደሩ ይከፋፈላል፤ የየመንደሩ ሽማግሌዎችም የመንደራቸውን ድርሻ በየቤቱ ያካፍላሉ። ስለዚህ መዝገብ የያዘው ጸሐፊና ገንዘብ የሚቀበለው ሹም በአንድ መስኮት ጐን ለጐን መታየታቸው የዘመኑን አሠራር በትክክል የሚገልጽ ነው። ሠዓሊው ቤተ ልሔምን ለመሣል ሲያስብ የሮማን አሠራር ከመጽሐፍ አልፈለገም፤ ባላገር ሁሉ የሚያውቀውን አቀረበ።

አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በብራባንት ቆጠራዎች ለመክፈል የማይችሉት የድኆች ምድጃዎች ለብቻቸው ተለይተው ይመዘገቡ ነበር። መዝገቡ ድኻውን የሚያውቀው ከሚከፍለው የተለየ በመሆኑ ብቻ ነው። ምድጃ የሌለው ዘዋሪ ሰው ደግሞ ከናካቴው በመዝገቡ የሚገባበት ቦታ የለውም። ይህን ጕዳይ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

፭. ሥዕሉ አቤቱታ ነውን?

ሥዕሉ በዳግማዊ ፊልጶስ አገዛዝ ላይ የቀረበ አቤቱታ ነው የሚሉት ሰዎች የሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው። መጀመሪያ፣ የሀብስቡርግ ንስር በግድግዳው ላይ ይታያል። ሁለተኛ፣ 1566 በኔዘርላንድ ታሪክ «ተአምረኛው ዓመት» የተባለው የሁከት ዓመት ነው። ሦስተኛ፣ ብሩገል በዚያው ጊዜ ገደማ «የሕፃናት እልቂት» የተባለውን ሥዕል ሣለ፤ በዚህም የታጠቁ ፈረሰኞች በበረዶ የተሸፈነ የፍላንድርስ መንደር ሲያጠፉ ይታያሉ።

እነዚህ ምክንያቶች ቀላል አይደሉም። በ1565 የዴንማርክ ንጉሥ ከስዊድን ጋር በነበረው ጦርነት ምክንያት የባልቲክን መግቢያ ስለ ዘጋ ከዚያ የሚመጣው እህል ቀረ፤ በሚቀጥለው ክረምት የእህል ዋጋ እጅግ ወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው የ1564ና የ1565 ክረምትም እጅግ ብርቱ ነበር። ሚያዝያ 5 ቀን 1566 ከሁለት መቶ የሚበልጡ መኳንንት በብሩክሴል ለእንደራሴዪቱ ለማርጋሬት በሃይማኖት ምክንያት የሚደረገው ስደት እንዲቀልል አቤቱታ አቀረቡ። በነሐሴም የፕሮቴስታንት ወገኖች ወደየአብያተ ክርስቲያናቱ እየገቡ ሥዕሎችንና ምስሎችን ሰባበሩ። በረሀብና በሁከት መካከል ስለ ግብር የተሣለ ሥዕል ከዘመኑ ነገር ፈጽሞ የተለየ ነው ብሎ ለመናገር ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ተቃራኒዎቹን ማስረጃዎች መመዘን ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በታሪክ የታወቀው የግብር አመፅ ምክንያት የሆነው የአልባ መስፍን ያቀረበው «ዐሥረኛ ሳንቲም» የተባለው ግብር ነው። ይኸውም ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ከመቶ ዐሥር እንዲከፈል የሚያዝ ነበር። የአልባ መስፍን ሠራዊቱን ይዞ ወደ ብሩክሴል የገባው በነሐሴ 1567፣ ግብሩንም የጠየቀው በ1569 ነው። ሥዕሉ ከሁለቱም ይቀድማል። ኋላ የሆነውን ነገር ለፊተኛው ምክንያት ማድረግ የታሪክ ጸሐፊ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለት ራስ ያለው ንስር በተለይ የሮማ ንጉሠ ነገሥት ዓርማ ነው። ካርሎስ አምስተኛ ሥልጣኑን ሲለቅ የንጉሠ ነገሥትነቱ ማዕርግ የተላለፈው ለወንድሙ ለፌርዲናንድ እንጂ ለልጁ ለፊልጶስ አልነበረም። ወንጌሉ ደግሞ የሚናገረው ስለ አውግስጦስ ቄሳር ነው። ስለዚህ ንስሩን ያኖረው ሠዓሊ «የቄሳር ትእዛዝ» ለማለት የሚታወቅ ምልክት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ተመልካቹ ከዚያ አልፎ የራሱን ንጉሥ ቢያስብ የሚከለክለው የለም፤ ዳሩ ግን ይህ የሠዓሊው አሳብ ለመሆኑ ዓርማው ብቻውን አያረጋግጥም።

ሦስተኛ፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በራስ ዘመን ልብስና በራስ አገር መሣል የተለመደ ልማድ ነው። በአብያተ ክርስቲያናታችን ግድግዳ ላይ በቀይ ባሕር የሚሰጥሙት የፈርዖን ጭፍሮች ጠመንጃ ይዘው ይታያሉ። ከዚህ ተነሥቶ ሠዓሊው በዘመኑ በነበረው ጦር ሠራዊት ላይ አቤቱታ አቅርቧል የሚል የለም። አባቶቻችን እንዲህ የሣሉት ታሪኩ ለምእመናኑ ቅርብ እንዲሆን ነው።

አራተኛ፣ የገዢዎቹን ሁኔታ መመልከት ይገባል። ብዙ የብሩገል ሥዕሎች የነበሩት የአንትዌርፑ ባለ ጸጋ ኒክላስ ዮንግሄሊንክ ራሱ የቀረጥ ሥራ የነበረው ሰው ነው። በዚያው በ1566 ለሌላ ሰው የ16,000 ጊልደር ዕዳ ዋስ ሁኖ ሀብቱን ሲያስይዝ ዐሥራ ስድስት የብሩገል ሥዕሎች ከመያዣው ውስጥ ነበሩ። ይህንን ሥዕል የገዛው እርሱ ነው ለማለት ማስረጃ የለም፤ ነገር ግን ሥዕሉ የተሸጠው ለእርሱ መሰል ሰዎች መሆኑ የሚያጠራጥር አይደለም። ደግሞም የሠዓሊው ልጅ ትንሹ ፒተር ይህንኑ ሥዕል ደጋግሞ ቀድቶታል፤ ከዐሥር የሚበልጡ ቅጂዎች ይታወቃሉ። በ1566 የነበረው ሁከት ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰዎች ይህንን ሥዕል ለቤታቸው ይገዙት ነበር ማለት ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ነው። «የሕፃናት እልቂት» በግፍ የተሞላ ነው፤ ከዚህም የተነሣ ኋላ የነበሩ ባለቤቶች የታረዱትን ሕፃናት በቀለም አስሸፍነው የከብትና የጥቅል ዕቃ መልክ እንዲሰጣቸው አድርገዋል። በ«ቆጠራ» ላይ ግን የሚሸፈን ግፍ የለም። ግብር ሰብሳቢው አይደበድብም፣ ባላገሩም አያለቅስም። ሰዎቹ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ልጆቹ ይጫወታሉ፤ ዓሣማው ይታረዳል። ግብር እንደ ክረምቱ በጊዜው የሚመጣ ነገር ሁኖ ይታያል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቋም ሥዕሉ አቤቱታ ነው የሚለው ቃል ከማስረጃው በላይ የሚናገር ነው የሚል ነው። እንዲህ ሲባል ግን ሥዕሉ የመንደር ጨዋታ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። የሚናገረው ከባድ ነገር አለ፤ የሚናገረው ግን ስለ አንድ ንጉሥ አይደለም።

፮. ስፍራ ያጡት

ማርያምና ዮሴፍ ወደ ማደሪያ ቤቱ እየቀረቡ ናቸው። ተመልካቹ ከወንጌሉ የተነሣ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቃል፤ ለመመዝገብ ስፍራ ያገኛሉ፣ ለማደር ግን አያገኙም። የማደሪያ ቤቱ ጕዳይ ከትርጕም የመጣ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። ሉቃስ በዚህ ቦታ የጻፈው የግሪክ ቃል ካታሊማ ሲሆን፣ ይኸው ቃል ኋላ ጌታ የመጨረሻውን ራት የበላበትን የእንግዳ ክፍል ለመጥራት ገብቷል። ደጉ ሳምራዊ ቍስለኛውን የወሰደበትን በክፍያ የሚታደርበትን ቤት ግን ፓንዶኬዮን በሚል ሌላ ቃል ይጠራዋል። ስለዚህ ወንጌላዊው ያሰበው የሰው ቤት የእንግዳ ክፍል ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ ምእመናን ግን የሚያስቡት ባለቤት ያለውን፣ ገንዘብ የሚከፈልበትን፣ ምልክት የተሰቀለበትን ማደሪያ ቤት ነበር። ብሩገል ቆጠራውንና ማደሪያ ቤቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያገናኝ ይህን የተለመደ አሳብ ተከትሎ አንድ እርምጃ ጨምሮበታል፤ የሚቀበልህና የሚመልስህ ደጅ አንድ ነው።

ከእነርሱ በቀር ስፍራ ያጡ ሌሎችም በሥዕሉ አሉ። በቀኝ በኩል መስቀል የተተከለባት አንዲት ትንሽ ጎጆ ትታያለች። የምትታወቀው የለምጻም ጎጆ ተብላ ነው። በዚያ ዘመን ለምጻሞች ከመንደሩ ተለይተው እንዲኖሩና ሰው እንዲርቃቸው በእጃቸው የሚያንቋቋ እንጨት እንዲይዙ ይገደዱ ነበር። ብሩገል ይህችን ጎጆ የሠራው ከቅድስት ማርያም መንገድ ብዙ ሳያርቅ ነው። በአንድ በኩል በመዝገብ የሚጻፉት ተጨናንቀዋል፤ በሌላ በኩል ማንም የማይጽፈው ሰው አለ።

የ1565ን ክረምትና የእህሉን መወደድ ስናስብ ይህ አቀማመጥ ክብደት ያገኛል። በዚያ ዓመት በብራባንት መንገዶች የሚዞሩት ሰዎች ብዙ ነበሩ። ልመና በዐዋጅ ተከልክሏል፤ ምድጃ የሌለው በቆጠራ አይገባም፤ ገንዘብ የሌለው ከማደሪያ ቤት ይመለሳል። ዮሴፍ ሥራ ያለው፣ መጋዝ የያዘ ሰው ነው፤ ግብሩንም ለመክፈል መጥቷል። ቢሆንም በዚያች ሌሊት ከእነዚህ ሰዎች ጋር ይቈጠራል። ሥዕሉን በቤቱ የሰቀለው የከተማ ባለ ጸጋ ይህን ሳያይ አይቀርም። ደጁን የሚያንኳኳውን እንግዳ ማንነት ሳይጠይቅ ለመመለስ እንዴት እንደሚቀልል፣ የተመለሰውም ማን ሊሆን እንደሚችል ሥዕሉ ይነግረዋል። ይህ ከፖለቲካ አቤቱታ ያነሰ ነገር አይደለም፤ የሚከሰው ንጉሡን ብቻ ሳይሆን በደጃፉ የተሰበሰበውን ሁሉ ነውና።

መደምደሚያ

ከላይ የተባለው ሲጠቃለል ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ።

በመጀመሪያ፣ «ቆጠራ በቤተ ልሔም» በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በብራባንት ስለ ነበረው የገጠር ማደሪያ ቤት የታመነ ምስክር ነው። ቤቱ መጠጥ የሚሸጥበት ብቻ ሳይሆን መንግሥትና ባላገር ፊት ለፊት የሚገናኙበት ደጅ እንደ ነበረ ያሳያል። በዚህ ረገድ ከምድጃ ቆጠራዎቹ መዝገብ ጋር ይስማማል።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ በእስጳንያ አገዛዝ ላይ የተሣለ አቤቱታ ነው የሚለው ትርጓሜ በቀኑም፣ በዓርማውም፣ በገዢዎቹም፣ በሥዕሉም ይዞታ በቂ ድጋፍ አያገኝም። ትርጓሜው የተወለደው ከ1567 በኋላ የሆነውን ለሚያውቅ ሰው 1566 ሁሉ አመፅ መስሎ ስለሚታየው ይመስላል።

ሦስተኛ፣ መዝገብና ሥዕል እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ምንጮች ናቸው። መዝገቡ ስንት ምድጃ እንደ ነበረ ይነግረናል፤ ይህን ሥዕል ሊነግረን አይችልም። ሥዕሉ ደግሞ መዝገቡ ሲጻፍ ከጸሐፊው ጀርባ ማን ያልፍ እንደ ነበረ ያሳየናል፤ ይህንም መዝገቡ አያውቀውም። የአገራችንን የግብር ታሪክ ከመዝገብ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ በየገጹ የተጻፈውን ቍጥር ሲደምር፣ በዚያ ቀን ከሹሙ ፊት ያልቆመው ሰው ማን ነበር ብሎ መጠየቅን ከዚህ ሥዕል ሊማር ይችላል። በብሩገል ሥዕል ጸሐፊው ገና በመጻፍ ላይ ነው፤ በቤተ ልሔም በዚያች ሌሊት የሚወለደው ሕፃን ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም።